ቀን 1 የበቃው ኦክስጅን ቀን 7 አይበቃም፦ በላብራቶሪ የሚያድግ ቲሹን በሒሳብ እንዴት እንከታተል?

ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረች። "ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ። መሃሉ ላይ ኦክስጅኑ ከዜሮ በታች ገባብኝ።"

አየሁት። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቲሹ፣ ማለትም የሕብረ ሕዋስ፣ ዲስክ ነው። ኩርባው ከሁለቱም ጠርዝ ቁልቁል ወርዶ መሃል ላይ −0.12 ደርሷል። ከዜሮ በታች የሆነ ኦክስጅን የሚባል ነገር የለም። ግን ልጅቷ የሠራችው ሒሳብ ከንቱ አልነበረም፤ መሃል ያሉት ሴሎች ታፍነዋል እያለ ነበር፣ እሷ ያልገባት ቋንቋውን ብቻ ነው።

"ይሄ ስንተኛው ቀን ላይ ነው?" አልኳት።

"ሰባተኛው።"

"አንደኛው ቀን ላይስ?"

"ደህና ነበር።"

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ቀን ላይ ደህና የነበረ ቲሹ ሰባተኛው ቀን ላይ ይራባል፤ ያስራበው ደግሞ የገዛ ራሱ እድገት ነው። ይህን ከሙከራ በፊት በወረቀት ማየት ይቻላል። ሁለተኛ ዓመት ካልኩለስ የወሰደ ሰው ይበቃዋል። የዚያን ከሰዓት በኋላ ያወራነውን እነሆ አስፋፍቼ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ስለ ምን እያወራን ነው?

የተሠራ ቲሹ ሦስት ነገር ነው። ሴል፣ ሴሉ የሚቀመጥበት ስካፎልድ፣ እና የሚመግበው ፈሳሽ። ሮበርት ላንገርና ጆሴፍ ቫካንቲ በ1993 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ቆዳ፣ ካርቲሌጅ፣ አጥንት፣ የደም ሥር ሁሉ ተሞክሯል።

ስካፎልድ የሚለውን ቃል ግንባታ ቦታ ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ፎቅ ሲሠራ የባሕር ዛፍ እንጨት ተጠላልፎ ይቆማል። ኮንክሪቱ ሲጠና እንጨቱ ይነሳል። ቶሎ ካነሱት ይወድቃል። እዚህም ያው ነው፤ ልዩነቱ፣ የቲሹው መወጣጫ የሚነሳው በሰው እጅ አይደለም፣ በራሱ ጊዜ ይሟሟል። ስለዚህ መቼ እንደሚሟሟ አስቀድሞ ማስላት ግድ ይላል።

በዚህ መመሪያ ውስጥ ምሳሌዬ ካርቲሌጅ ነው። ጉልበታችን ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን ማለት ነው። ለጀማሪ ይመቻል፤ የደም ሥር የለውም፣ የሴሉ ዓይነት አንድ ነው፣ ከእርጥብ ክብደቱ 65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ጻፉ

አንድ ብቻ። በወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ።

"ቲሹው እንዴት ያድጋል?" ጥያቄ አይደለም። "4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ መሃሉ የሚራበው በስንተኛው ቀን ነው?" ጥያቄ ነው። መልሱ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም ትክክል ወይም ስህተት ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ ሁሉን ነገር ያካተተ ሞዴል ልሥራ ብሎ ይነሳና ሃያ ፓራሜትር (ሞዴሉ ውስጥ የሚገባ ቁጥር) ታቅፎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ዳታ ከሞዴሉ ጋር ይገጥማል፣ ሁሉ ከገጠመ ደግሞ ምንም አልተማርንም። ለጥያቄያችሁ የማያስፈልገውን ነገር ያለ ርኅራኄ አውጡት።

ደረጃ 2፦ ሰዓቶቹን ለዩ

ይህን ደረጃ መጻሕፍቱ በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምለው እሱን ነው።

ቲሹ ውስጥ ብዙ ሰዓት በአንድ ጊዜ ይቆጥራል። አንዱ በደቂቃ፣ አንዱ በቀን፣ አንዱ በሳምንት። የእያንዳንዱን ፍጥነት በጣት ቆጥራችሁ ጻፉ።

ኦክስጅን በዲፊውዥን ነው የሚገባው፣ ማለትም ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ እየተሰራጨ። የዲፊውዥን ሕግ የመጣው ከአዶልፍ ፊክ ነው፣ በ1855፤ ሰውየው ራሱ የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ነበር። ጊዜውን ለመገመት ርቀቱን በራሱ አባዙና ለዲፊውዥን ቁጥሩ አካፍሉ። በውሃ በተሞላ ጄል ውስጥ የኦክስጅን ዲፊውዥን በግምት 2 × 10⁻⁹ ካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። ርቀቱ 2 ሚሊሜትር ከሆነ 2,000 ሰከንድ ይመጣል፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት ገደማ።

ርቀቱ በራሱ እንደሚባዛ ልብ በሉ። ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ውፍረቱን እጥፍ ካደረጋችሁ ጊዜው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። ላዩ ቀልቶ መሃሉ ሊጥ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሴል። ለመባዛት ሁለት ቀን ይፈልጋል እንበል። ማትሪክሱ፣ ማለትም ሴሎቹ ዙሪያቸውን የሚያመርቱት ኮላጅንና ጋግ የሚባለው ስኳራማ ሞለኪውል፣ በሳምንታት ይሰበሰባል። ስካፎልዱ በሳምንታት ወይም በወራት ይሟሟል።

አሁን አወዳድሩ። ኦክስጅን በግማሽ ሰዓት ይረጋጋል፣ ሴሉ በቀናት ይለወጣል። ስለዚህ ኦክስጅኑን ሁሌም የተረጋጋ አድርጋችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፦ ዛሬ ይህን ያህል ሴል ካለ የዛሬው የኦክስጅን ስርጭት ይህ ነው፣ ነገ ሴሉ ሲጨምር እንደገና ይሰላል። ይህ አንድ ውሳኔ ኮምፒውተራችሁን ከብዙ ልፋት ያድነዋል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ደረጃ 3፦ ኦክስጅኑ እስከ የት ይደርሳል?

ቀላሉ ግምት ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሴል ኦክስጅን እስካለ ድረስ በእኩል ፍጥነት ይበላል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑን ስትፈቱት እንዲህ ይወጣል፦

የሚደርስበት ጥልቀት = √(2 × ዲፊውዥን × ጠርዝ ላይ ያለው ኦክስጅን ÷ ፍጆታ)

ፍጆታ ማለት በኪዩቢክ ሜትር ያለው የሴል ብዛት ሲባዛ አንዱ ሴል የሚበላው ነው። ለልምምድ አንድ ሴል በሰከንድ 10⁻¹⁷ ሞል ይበላል እንበል። የጉበት ሴል ከዚህ ከ10 እጥፍ በላይ ይበላል፤ ስለዚህ ከሌላ ቲሹ የተወሰደ ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ።

ጠርዝ ላይ ያለው ኦክስጅንስ? ብዙ ጽሑፍ ላይ 0.2 ሞል በኪዩቢክ ሜትር የሚል ታገኛላችሁ። ተጠንቀቁ፣ ይህ የባሕር ወለል ከፍታ ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየር ግፊታችን 81 ወይም 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ ባሕር ወለል ላይ ግን 101.3። ኢንኩቤተር (ሴል በሙቀት የሚቀመጥበት ሳጥን) ውስጥ በ37 ዲግሪ የውሃ እንፋሎቱ ከዚህ ላይ 6.3 ኪሎፓስካል ይወስዳል፣ በሁለቱም ቦታ እኩል። ቀንሱና አካፍሉት፤ ከ0.8 ጋር እጅግ የተጠጋ ቁጥር ታገኛላችሁ። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠ ፈሳሽ ውስጥ 0.2 ሳይሆን 0.16 ነው የሚኖረው።

አንድ አምስተኛ ኦክስጅን ጎደለ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ፕሮቶኮል (የሙከራ መመሪያ) ይህን አይነግራችሁም፤ የተጻፈው ባሕር ዳርን አስቦ አይደለማ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ታንሳላችሁ፣ በራሳችሁ ከፍታ አስሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲስኩ ሳህን ላይ ከተኛ ከታች ፕላስቲክ ነው፣ ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ብቻ ነው። ያኔ መሸፈን ያለበት ርቀት ግማሹ ውፍረት ሳይሆን ሙሉው ነው። ከሁለቱም ወገን እንዲተነፍስ ከፈለጋችሁ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት መረብ ነገር አድርጉለት። በላዩ ያለው ፈሳሽም የማይንቀሳቀስ ከሆነ እሱ ራሱ ኦክስጅን የሚያቋርጠው ሌላ መንገድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሴሎቹ እንዴት ይበዛሉ?

እምቦጭን እናውቀዋለን። ጣና ላይ በ2011 ታየ። መጀመሪያ በዳር በኩል ጥቂት አረንጓዴ ነበር፣ ከዚያ ገበሬውም ዓሣ አስጋሪውም እያየው ውሃውን ሸፈነው። ለምን እንዲያ ፈጠነ? የሚጨምረው ባለው ልክ ስለሆነ። ብዙ ሲሆን ብዙ ይጨምራል። ግን ማለቂያ አለው፤ ቦታው ሲሞላ፣ ምግቡ ሲያንስ፣ ውሃው ሲጠልቅ ይገታል።

ይህን ቤልጂየማዊው ቬርሁልስት በ1838 በቀመር አስቀምጦታል። ሎጂስቲክ እድገት እንለዋለን፦

የሴል ለውጥ በቀን = የእድገት ፍጥነት × ሴል × (1 − ሴል ÷ ጣሪያ)

ቁጥር እናስገባ። በሚሊሊትር 5 ሚሊዮን ሴል እንጀምር፣ ጣሪያው 50 ሚሊዮን ይሁን። በሁለት ቀን እጥፍ የሚሆን ሴል የእድገት ፍጥነቱ በቀን 0.35 ነው። ቀን 7 ላይ 28 ሚሊዮን፣ ቀን 14 ላይ 47 ሚሊዮን ይደርሳል። ጣሪያውን ብትረሱትና ዝም ብላችሁ እጥፍ እጥፍ ብታደርጉ ቀን 14 ላይ 640 ሚሊዮን ይመጣላችኋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ቁጥሩን አትመኑ፣ የረሳችሁትን ፈልጉ።

ጣሪያው ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ከቦታ ነው፤ ማትሪክሱ ሲሞላ ሴል የሚከፈልበት ቦታ ያጣል። አንዳንዱ ግን ከምግብ እጥረት ነው። ኦክስጅኑን ለብቻው የምታሰሉ ከሆነ የኦክስጅኑን እጥረት ጣሪያው ውስጥ ደግማችሁ አትቁጠሩት።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን አገናኙ

አሁን ወደ ልጅቷ ዲስክ እንመለስ። 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ከሁለቱም ወገን ክፍት። ኦክስጅኑ መድረስ ያለበት 2 ሚሊሜትር ድረስ ነው።

ቀን 0 ላይ 5 ሚሊዮን ሴል አለ። ቀመሩ 3.6 ሚሊሜትር ይላል። ይበቃል፣ ይተርፋልም። መሃሉ ላይ 0.11 ይቀራል።

ቀን 7 ላይ 28 ሚሊዮን። አሁን 1.5 ሚሊሜትር። አልበቃም።

ቀን 14 ላይ 47 ሚሊዮን። 1.2 ሚሊሜትር ብቻ።

መሃሉ መራብ የሚጀምረው መቼ ነው? ጥልቀቱ ልክ 2 ሚሊሜትር ሲሆን። ያ የሚሆነው ሴሉ 16 ሚሊዮን ሲደርስ ነው። ሎጂስቲክ ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡት አራተኛው ቀን ላይ ታገኙታላችሁ።

በባሕር ወለል ቁጥር፣ በ0.2፣ ብታሰሉትስ? 20 ሚሊዮን ሴል ድረስ ይታገሳል፣ ያም አምስተኛው ቀን ነው። ከፍታችን አንድ ሙሉ ቀን ወሰደብን። ይህን ለልጅቷ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሐይቁን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ለካ የውጭውን ውጤት ለመድገም ስትለፋ የቆየችው በሌላ አየር ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ቀመር ይወጣል። ዲስኩን 2 ሚሊሜትር አድርጉት። አሁን መድረስ ያለበት 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ47 ሚሊዮን ሴል እንኳ መሃሉ ላይ 0.04 ይቀራል። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ያለ ተጨማሪ ዕቃ፣ ያለ ተጨማሪ ብር።

ስለ መብራትም እዚህ ላይ ላንሳ። ፈሳሹን የሚያዘዋውር ፓምፕ ያለው ባዮሪአክተር (ቲሹ የሚያድግበት ዕቃ) ብትጠቀሙና መብራት ቢሄድ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ? ያለውን ኦክስጅን ለፍጆታው አካፍሉት። በ47 ሚሊዮን ሴል ፍጆታው በኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ 4.7 × 10⁻⁴ ሞል ነው፤ 0.16 ለዚህ ሲካፈል ወደ 340 ሰከንድ ነው። ዙሪያው ያለው ፈሳሽ ትንሽ ይደግፈዋል፣ ቲሹው ውስጥ ያለው ብቻውን ግን 6 ደቂቃ አይሞላም። ጄነሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ምሳ ሄዶ ከሆነ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪው መጀመሪያ ለፓምፑ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ከዜሮ በታች የገባውን አስተካክሉ

የ−0.12 ምስጢር ይህ ነው። ሴል በእኩል ፍጥነት ይበላል ብለናል። ኦክስጅኑ ሲያልቅስ? ቀመሩ "ብላ" እንደተባለ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዜሮ በታች ይገባል።

እውነተኛ ሴል ኦክስጅን ሲያንስ ፍጆታውን ይቀንሳል። ለዚህ የሚካኤሊስና የሜንተን ቀመር አለ፣ ከ1913፦

ፍጆታ = ከፍተኛው ፍጆታ × ኦክስጅን ÷ (ግማሽ ቁጥር + ኦክስጅን)

ግማሽ ቁጥር ማለት ፍጆታው በግማሽ የሚወርድበት የኦክስጅን መጠን ነው። ለካርቲሌጅ ሴል 0.006 ሞል በኪዩቢክ ሜትር አካባቢ ይወሰዳል። ጠርዝ ላይ ካለው 0.16 ጋር ስታስተያዩት በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀላሉ ቀመር ለአብዛኛው ዲስክ ይሠራል፣ የሚበላሸው መሃል አካባቢ ብቻ ነው። ኩርባው አሁን ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ አያልፍም።

እኔ ግን ሁልጊዜ በቀላሉ እጀምራለሁ። በእጅ የሚፈታ ቀመር ኮምፒውተሩ ሲሳሳት ያጋልጠዋል።

ደረጃ 7፦ ማትሪክሱና ስካፎልዱ

ሴል ብቻውን ቲሹ አይደለም። ጉልበት ላይ ክብደት የሚሸከመው ማትሪክሱ ነው። ሞዴሉ እንዲህ ነው፦

የማትሪክስ ለውጥ = ምርት በሴል × ሴል × (1 − ማትሪክስ ÷ ጣሪያ) − ወደ ፈሳሹ የሚፈስ

ቅንፍ ውስጥ ያለው አስፈላጊ ነው። ሴል ዙሪያው በጋግ ሲሞላ ማምረቱን ይቀንሳል። ያንን ካልጨመራችሁ ማትሪክሱ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሙከራው ላይ ግን ዝግ ሲል ታያላችሁ።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሴል ያመረተው ጋግ ሁሉ ቲሹው ውስጥ አይቀርም። ከፊሉ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፣ ፈሳሹ ሲቀየር ደግሞ አብሮ ይደፋል። ስለዚህ ፈሳሹን ከመድፋታችሁ በፊት ጥቂት አስቀምጡና ለኩት። የተመረተው የቀረውና የፈሰሰው ድምር ነው። ይህን ያልለካ ሰው "ሴሎቼ ሰነፍ ናቸው" ይላል፣ ሴሎቹ ግን እያመረቱ ነበር።

አሁን ስካፎልዱ። ቀላሉ ግምት በየጊዜው በእኩል መቶኛ ይቀንሳል የሚለው ነው፤ ግማሽ ዕድሜ አለው። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ እንደሚከብድ ሁሉ ስካፎልዱም ፈሳሹ ውስጥ ሲቆይ ይደክማል፤ ታንኳው ግን ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመለሳል፣ ስካፎልዱ አይመለስም። ፒኤልጂኤ የሚባለው ፕላስቲክ ውሃ ሰንጥቆት ሲሟሟ አሲድ ይፈጥራል። ወፍራም ከሆነ አሲዱ መሃል ላይ ይታሰርና መሃሉን ከላዩ ቀድሞ ይበላዋል። እንዲህ ባለው ላይ ቀላሉ ግምት አይበቃችሁም።

ለልምምድ ብቻ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች ተከተሉ። ስካፎልዱ ሲጫኑት የሚያሳየው ጥንካሬ መጀመሪያ 300 ኪሎፓስካል ነው፣ በ14 ቀን ግማሽ ይሆናል። ማትሪክሱ ከዜሮ ተነስቶ ወደ 400 ይሄዳል፣ በየቀኑ ከጎደለው 2 በመቶ እየሞላ። ሁለቱን ደምሩ።

ቀን 0፣ 300። ቀን 14፣ 248። ቀን 21፣ 243። ቀን 28፣ 247። ቀን 56፣ 288።

መሃል ላይ ጎድጓዳ አለ። መጀመሪያውን አይታችሁ "ጠንካራ ነው" ትላላችሁ፣ መጨረሻውንም አይታችሁ እንደዚያው፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ቲሹው ከሁሉ ይልቅ ደካማ ነው። አንድ ሐኪም በሽተኛ ላይ ሊያስቀምጠው ቢሆን መቼ እንዳያስቀምጠው የሚነግረው ይህ ጎድጓዳ ነው። ስካፎልዱ የሚሟሟበትን ፍጥነት እየቀያየራችሁ ጎድጓዳው ሲጠልቅና ሲሞላ እዩት። አንድ ምሽት ስጡት፣ ይገባዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሁለቱን መደመር ግምት ነው። ማትሪክሱ ሴል ሴሉ ዙሪያ ለየብቻ እንደ ደሴት ከተቀመጠና ካልተያያዘ ብዙ ቢሆንም ክብደት አይሸከምም። ድምሩ ከተለካው ከበለጠባችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ደረጃ 8፦ ኮምፒውተር ላይ አድርጉት

ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነፃ ይገኛል። ናምፓይ፣ ሳይፓይና ማትፕሎትሊብ የሚባሉት ተጨማሪ ጥቅሎቹ ይበቃሉ። ኢንተርኔት ሲኖር አንዴ አውርዷቸው፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

የዲስኩን ግማሽ ብቻ ውሰዱ፤ ሌላው ግማሽ መስተዋት ነው። 2 ሚሊሜትሩን 40 ንብርብር አድርጉት፣ እያንዳንዱ 0.05 ሚሊሜትር። ጠርዙ ላይ ኦክስጅኑ 0.16 ነው። መሃሉ ላይ ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም።

የኦክስጅኑን ጉዞ ሰከንድ በሰከንድ ልከተል ካላችሁ በቀላሉ ዘዴ አንዱ እርምጃ ከ0.6 ሰከንድ ገደማ መብለጥ የለበትም፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይፈነዳል። ለ28 ቀን ወደ 4 ሚሊዮን እርምጃ ነው። ሰዓቶቹን ስለለየን ግን ይህ አያስፈልገንም። ዙሩ እንዲህ ይሁን፦ ባለው ሴል የተረጋጋውን የኦክስጅን ስርጭት ፍቱ፤ በየንብርብሩ ባለው ኦክስጅን ልክ ሴሉን አሳድጉ ወይም አቁሙ፤ ማትሪክሱን ጨምሩ፤ ስካፎልዱን ቀንሱ፤ ጊዜውን በ0.1 ቀን ወደፊት ግፉ፤ ድገሙ። 280 ዙር ብቻ። አሮጌ ላፕቶፕም አይደክምም።

ሴሉ በየንብርብሩ መለያየት ሲጀምር ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። ጠርዙ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል። በእጅ ያሰላነው "አራተኛው ቀን" ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ምክንያቱም መሃል ያሉት ሴሎች ከመታፈናቸው በፊት ፍጆታቸውንም መባዛታቸውንም ይቀንሳሉ።

ከዚያ ፈትኑት። ሴሉን ዜሮ አድርጉት፤ ኦክስጅኑ በሁሉም ቦታ 0.16 መሆን አለበት። በጠርዙ የሚገባውን ኦክስጅን ውስጥ ከሚበላው ጋር አስተያዩ፤ እኩል ካልሆኑ ኮዱ ላይ ስህተት አለ። ንብርብሩን 80 አድርጉት፤ መልሱ መለወጥ የለበትም።

መለኪያዎቹን ደግሞ አደራ። አንድ ጊዜ ጊዜውን በሰከንድ፣ የእድገቱን ፍጥነት በቀን አስገብቼ ሁለት ሌሊት አጥቻለሁ። ልዩነቱ 86,400 እጥፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቁጥሩ ጎን መለኪያውን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ "በቀን"፣ "በሰከንድ" እያልኩ።

ደረጃ 9፦ ከዳታ ጋር አገናኙት

የራሳችሁ ላብራቶሪ ከሌላችሁ ከታተሙ ጽሑፎች ግራፍ ላይ ነጥቦችን መልቀም ትችላላችሁ። ዌብፕሎትዲጂታይዘር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ምስሉን ታስገባላችሁ፣ ዘንጎቹን ታሳዩታላችሁ፣ ነጥቦቹን ቁጥር አድርጎ ይሰጣችኋል። የስህተት መስመሮቹንም አብራችሁ ልቀሙ። ሙከራው የት ከተማ እንደተሠራ እዩና ኦክስጅኑን በዚያ ከፍታ አስተካክሉ።

ላብራቶሪ ካላችሁ ሁለት ነገር ለኩ፣ ዲኤንኤና ጋግ። ማትሪክሱን ብቻ ከለካችሁ "ብዙ ሴል ትንሽ እያመረተ" እና "ጥቂት ሴል ብዙ እያመረተ" አንድ ዓይነት ኩርባ ይሰጧችኋል፤ ቀመሩ ውስጥ ሁለቱ ተባዝተው ነውና የሚገኙት ኮምፒውተር አይለያቸውም። ዲኤንኤው ሴሉን ይቆጥርላችኋል። ለካርቲሌጅ ሴል በአንድ ሴል 7.7 ፒኮግራም የሚለው ቁጥር በብዛት ይሠራበታል።

ሌላው፣ ለመለካት ዲስኩ ይፈጫል። ቀን 7 ላይ የተለካው ዲስክ ቀን 14 ላይ የለም። የምታገኙት ኩርባ የአንድ ቲሹ ታሪክ አይደለም፣ የብዙ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ብዙ ዲስክ መድቡ። ሞዴሉ አማካዩን እንዲነካ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ካለው ልዩነት ውስጥ መውደቁን እዩ።

ከዚያ እያንዳንዱን ፓራሜትር 20 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጉ። መልሱን ብዙ የሚያንቀሳቅሰው የትኛው ነው? በኛ ዲስክ ላይ ውፍረቱ ነው፣ በራሱ ስለሚባዛ። ብራችሁንም ጊዜያችሁንም እሱን በትክክል ለመለካት አውሉት። መልሱን የማያንቀሳቅሰውን ቁጥር ከጽሑፍ ወስዳችሁ እለፉት።

በመጨረሻ ዳታውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። እስከ ቀን 14 ባለው ሞዴሉን አስተካክሉ። የቀን 21ን እና የቀን 28ን አትንኩ። ሞዴሉ ቀን 21 ላይ ምን ይላል? ሴሉን፣ ጋጉን፣ መሃል ላይ የቀረውን ኦክስጅን ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት።

ልጅቷ ያን ዕለት ከመለያየታችን በፊት ይህንኑ አደረገች። ለ2 ሚሊሜትሩ ዲስክ፣ ለመሃሉ፣ ቀን 14 ላይ "0.04" ብላ ጽፋ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ዲስኮቹን የምትቆርጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።